«ገባኝ» ሲሏችሁ አትመኑ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። «ገባዎት?» ብዬ ጠይቄ «አልገባኝም» ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። አንድ ቀን ግን አንድ አዛውንት «በቀን 3 ጊዜ» ብዬ የሰጠኋቸውን ኪኒን ሦስቱንም ጠዋት ጠዋት ባንዴ ሲውጡ እንደሰነበቱ አጫወቱኝ። «እንዳልረሳ ብዬ ነው» አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ገባዎት?» ማለት ትቻለሁ። «እስቲ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ነው የምለው።

ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ጤና የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። ላይክም ያው «አዎ፣ ገባኝ» ነው።

ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠውን ውሃ ውሰዱ። 1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም እንደዚያው ጽፌ ለቀቅኩት። ብዙ ሰው ሼር አደረገው። ከዚያ አንዲት እናት «ማንኪያው የተቆለለ ነው ወይስ እስከ አፉ ብቻ?» ብላ ጻፈችልኝ። ደነገጥኩ። ጨው ከበዛ ለሕፃን አደገኛ ነው፤ ስኳር ሲበዛም ተቅማጡን ያብሳል። ማንኪያውን በቢላ ጀርባ እኩል ስጠርግ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሠራሁ። የታሸገው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት) ከተገኘ እሱ ይቅደም፣ ልጁ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለበት ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት የሚለውንም ጨመርኩ። መጀመሪያ መባል የነበረበት እኮ ይሄ ነበር!

ማንበብ ለማይችል ሰው የድምፅ መልእክት ላኩ። ቪዲዮው አጭር ይሁን፤ ካርድ የሚሞላው ከጉሮሮው ቀንሶ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስልኩን ከባሏ ወይም ከልጇ ጋር የምትጋራ ሴት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ኮሜንት ላይ አትጠይቅም። ዝም ስላለች ጥያቄ የላትም ማለት አይደለም። በግል መጻፍ እንደምትችል ንገሯት፤ የጻፈችውንም ሌላ ሰው ሊያየው ስለሚችል እንዴት እንደምታጠፋው አሳዩዋት። ጥያቄዋን «ለትምህርት ይሆናል» ብላችሁ ፎቶ አንስታችሁ እንዳትለጥፉባት።

ወሬ ስታስተባብሉ ደግሞ ከእውነቱ ጀምሩ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2010 በመጽሔቱ በራሱ ተሰርዟል፤ ወሬው ግን ዛሬም ይዞራል። ወሬውን ርዕስ ካደረጋችሁት ሰው የሚያስታውሰው ርዕሱን ነው።

እኔ የምለቀውን ሁሉ መጀመሪያ ለእህቴ ነው የማሰማው። ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት የቀዳሁትን ሰማችና «እንግዲህ ሲሻለኝ ኪኒኑን አቆማለሁ ማለት ነው?» አለችኝ። እስካሁን አልለቀቅኩትም።