ዝም ያለው ቤት፤ ለጀማሪ አስተማሪዎች

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ማስተማር የጀመረችው ዘንድሮ ነው፤ አራተኛ ክፍል ደርሷታል። ስልኳን ወደ እኔ ዘርግታ፣ "እትዬ፣ እዩልኝ እስቲ፤ ወላጆቹ መልእክቱን አይተውታል። መልስ የሰጠ ግን የለም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጓቸው ነበር?" አለችኝ።

"ምን ያደርጓቸው ነበር" የሚለው ነው የነካኝ። ምክንያቱም አድርጌያለሁ። እዚያው ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ወሬ ቀየርኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንግዲህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ጠመኔ ለጨበጣችሁም (አሁንስ ማርከር ሆኗል) ልጻፈው።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። መጨረሻ ላይ ዩኒት ሊደር ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። በሰዓቱ ግቡ፣ ደብተር አርሙ፣ ልጅ አትምቱ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የማወራችሁ ስለ 2012 ነው።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ለ15 ቀን ነው የተባለው። ልጆቹ ደብተራቸውን እንኳን በሙሉ ይዘው አልሄዱም። ሁለተኛ ክፍሎች በጥጥ ላይ ያበቀሉት ባቄላ መስኮት ላይ ቀረ። ከወር በኋላ ክፍሉን ስከፍት ገለባ ሆኖ አገኘሁት።

ርእሰ መምህሯ ሲስተር ግቢው ውስጥ ወንበር አራርቃ ሰበሰበችን። መጀመሪያ ያነሳችው ስለ ትምህርት አልነበረም። "ማን ምን ይበላል?" አለች። ከወላጆቻችን ሆቴል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ፈትቷል፤ ያን ጊዜ ሐዋሳ እንግዳ የሚባል የላትም። ባጃጅ የሚነዳው አለ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው አለች፣ የቀን ሠራተኛው አለ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ከደህናዎቹ ወላጆች አዋጣ፣ እኛም ከደሞዛችን አስቆረጥን። ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና በደብሩ አዳራሽ ይታደል ጀመር። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ካቶሊክ አይደሉም። መካነ ኢየሱሱም፣ ቃለ ሕይወቱም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም እዚያው በር ላይ በኖራ በተሰመረው ክብ ውስጥ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አባ ራሳቸው ከረጢት ይሸከሙ ነበር። ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ስለ ትምህርቱ ስንነጋገር ሲስተር፣ "መጀመሪያ ቤቶቹን እንያቸው" አለች። እኔ ተቃወምኩ። "ጊዜ የለንም፣ በሽታም አለ። ቴሌግራም ይበቃል" አልኩ። ሌሎቹም ደገፉኝ። ለየክፍሉ ግሩፕ ተከፈተ። ጠዋት ጥያቄ እንለቃለን፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ይሠራል፣ ወላጅ ፎቶ አንስቶ ይልካል። አለቀ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ቴሌግራም የቻልኩ ሴት ስለሆንኩ ትንሽ ኮራም ብዬ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከክፍሌ 11 ልጆች ምንም እንደማይልኩ አየሁ። እጠብቃለሁ፣ የለም። እደውላለሁ፣ አይነሳም። አንድ ቀን ግንቦት ውስጥ፣ ራሴንም አሞኝ፣ ብስጭት ብዬ ስማቸውን ዘርዝሬ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። "የሚከተሉት ተማሪዎች ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ግድ የሌላቸው መሆኑን በአዘኔታ እንገልጻለን።" ፊትና ኋላው ላይ ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ደረደርኩ። ያን ምልክት ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ናት።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ በይቅርታ ተጥለቀለቀ። አብዛኞቹ በዚያው ሳምንት መላክ ጀመሩ። "ይኸው ሠራ!" አልኩ። ከዝርዝሩ አንዷ እናት ብቻ መልስ አልሰጠችም። ግሩፑን ለቅቃ መውጣቷን የምትናገረው ቀጭን መስመር መጣችና ከሌሎቹ መልእክቶች ሥር ተዋጠች። እኔም "ድሮስ!" ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር 17 ዓመቴ ነበር። አዋሳ እንላት ነበር ያኔ። ማታ ማታ ፋኖስ ይዘን ለእናቶች ፊደል እናስቆጥር ነበር። አንዲት ጠላ ሻጭ ሴትዮ ሦስት ቀን ቀረች። አስተባባሪያችን ኮስተር ያሉ ሰው ነበሩ፤ "ሰው ከቀረ ቤቱ ይኬዳል" አሉን። ሄድኩ። ሴትዮዋ እግሯን ጠላው በሚጠመቅበት የፈላ ውሃ ተቃጥላ ተኝታለች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከ"ሀ" እስከ "መ" አስቆጠርኳት። ወሩን በሙሉ እዚያው ነበር የምናጠናው። ስትድን አንድ ጣሳ ጠላ አጠጣችኝ፣ እናቴ አፌን አሽትታ ገረፈችኝ። እንግዲህ ይህን በ17 ዓመቴ አውቀዋለሁ። በ58 ዓመቴ ስልክ ይዤ ረሳሁት።

ሰኔ 22 ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለሦስት ሳምንት ያህልም አልተመለሰም። ግሩፖቻችን ሁሉ ድርቅ አሉ። ሲስተር "አሁንስ?" አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻል ነበር። ዝም ብላ የኮፒ ማሽኑን ቁልፍ ሰጠችኝ። የክረምቱን ወርክሺት አባዛንና ልጆቹ ባሉበት ልናደርስ ተከፋፈልን። ባጃጅ ያለው አንድ አባት በነጻ ሊያዞረኝ መጣ። እሑድ ነበር፤ ሲዘንብ አድሯል። ዳቶ ሰፈር ውስጥ አንድ ቦታ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ እኔም ወርጄ ገፋሁ። ጫማዬ አንዱ እዚያው ሊቀር ነበር።

ዝርዝሬ ላይ ያቺ ከግሩፑ የወጣችው እናት ነበረች። ልጇ በነጻ ከሚማሩት አንዱ ነው። ከግቢው ጥግ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ስፌት ሠራተኛ መሆኗን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። በ2008 ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለች ክፍል ውስጥ ስንት ሴት ልጅ እንደሚኖር የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ከክፍሌ ዝርዝር ጋር አላገናኘሁትም እንጂ።

"ውይ፣ ሚስ! ይግቡ፣ ወንበር የለም፣ አልጋው ላይ ይቀመጡ" አለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ለቡና ከሰል ልታቀጣጥል ስትል እምቢ አልኳት፤ ቆሎ አቀረበች። ስለዚያ መልእክት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ልጁ ግን ከፍራሹ ሥር ደብተር አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

ከፈትኩት። እያንዳንዱ ቀን አለ። ቀኑ ተጽፏል፣ ጥያቄው ተገልብጧል፣ መልሱ ተሠርቷል። ሒሳብ፣ አማርኛ፣ የአካባቢ ሳይንስ። ሥራ ላይ ስልክ አይያዝምና እሷ ማታ እስክትገባ ይጠብቃል። በእሷ ስልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። እስክትተኛ ይገለብጣል፣ በማግስቱ ይሠራል።

"ለምን አልላክሽልኝም ታዲያ?" አልኳት። ድምፄ ውስጥ አሁንም የአለቃ ነገር እንደነበረ ይታወሰኛል።

"ፎቶ አንስቼ እልካለሁ ሚስ። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ካርዱን ይጨርሰዋል። መልእክቱ ግን አይሄድም።" ስልኩን አሳየችኝ። መስታወቱ ተሰንጥቋል። ከላይ በስተቀኝ በኩል ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር ነገር አለ፣ የአውራ ጣት ያህል።

ደብተሩ ግንቦት 14 ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነው። ከግሩፑ ለምን እንደወጣች ጠየቅኳት። ልጁን "ውጪ ዝናቡ እንዳባራ እይልኝ" ብላ ላከችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ማንበብ ይችላል እኮ ሚስ። ስሙን እንዳያይ ብዬ ነው" አለችኝ።

እዚያው ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። "አይዞሽ፣ ደብተሩን አርሜ እመልሳለሁ" ብዬ ወርክሺቱን ሰጥቼ ወጣሁ። ትምህርት ሲከፈት፣ በክፍል ፊት፣ በደንብ አድርጌ አመሰግነዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ይቅርታዬን ድግስ ልደግስለት፣ አያችሁ። በ2013 ጥቅምት ትምህርት ቤቶች በየተራ ሲከፈቱ ልጆቹ ማስክ አድርገው፣ በየክፍሉ 25 እየሆኑ ተመለሱ። እሱ አልመጣም። ዳቶ ሄድኩ። ክፍሏን ሌሎች ሁለት ሴቶች ተከራይተውታል። አከራይዋ "አገሯ ገብታለች፣ ወላይታ መሰለኝ" አለችኝ። ስልኳ አይሠራም።

ወደ እናንተ ልምጣ። ቴክኖሎጂ ጠላት ነው የምል እንዳይመስላችሁ። በእርግጥ በ1997 ለሁለተኛ ደረጃ ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሲመጣ በጣም ከተቆጡት አንዷ ነበርኩ፤ የማይጠየቅ አስተማሪ ምን አስተማሪ ነው እያልኩ። አሁንም እላለሁ። ግን ደግሞ በዚያ በ2012 አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ የልጅ ልጇን ለምታሳድግ አንዲት አያት በሲዳምኛ በድምፅ ትልክላት ነበር። ፊደል የማይቆጥሩት አሮጊት ሰምተው ያስጠኑታል፤ መልሱን ልከው ሲያበቁ ምርቃት ይጨምሩበታል። እኔ የዚያን ሁሉ ሰው በር ላንኳኳ እችል ነበር? አልችልም። ስለዚህ "ቤት ለቤት ሂዱ" ብዬ የማዝዛችሁ ነገር በራሴ ያልሠራሁት ነው። 11ዱን ቤት ግን እችል ነበር።

እናንተ ዘመንኛ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አለባችሁ። ስልክ መደወል ትፈራላችሁ! እናት ብትደውልላችሁ እስክትዘጋ አይታችሁ፣ "ሰላም፣ ምን ልርዳዎት?" ብላችሁ ትጽፉላታላችሁ። ስቲከርም ትልካላችሁ። ማንበብ የማትችል ከሆነችስ? ስቲከሩንስ ምን ታድርገው? አሽሙር አይደለም። እኛ በጩኸት እናበላሽ ነበር፣ እናንተ በዝምታ። ለነገሩ ከእኛ የተሻለም አላችሁ፤ ልጅ ስታናግሩ ወርዳችሁ ዓይን ለዓይን ነው። እኛ አልነበርንም።

የልጅ ስም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ጎበዙንም ቢሆን። ይህን ብቻ እንደ ምክር ያዙልኝ።

ደብተሩ ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ያኔ ማረም ስጀምር የአካባቢ ሳይንስ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። እኔ የላክሁት "ከሚከተሉት አንዱ በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ የማይገኝ እንስሳ ነው" የሚል ነበር። ሀ ጉማሬ፣ ለ አባ ኮዳ፣ ሐ ጉሬዛ፣ መ ግመል። ልጁ የገለበጠው ግን "የሚገኝ" ብሎ ነው። መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ ሌሎቹም ቀኖች ላይ በዚያው ቦታ፣ በገጹ ላይ በስተቀኝ፣ ጠፍተው በግምት የተተኩ ቃላት አገኘሁ። ያ የአውራ ጣት ያህል ጥቁር ነገር ነው። የማይታየውን ቃል ራሱ እየፈለሰፈ ነበር የሚሠራው። ሰባተኛው ላይ ሀን፣ ለን እና ሐን አክብቦ ከሥሩ በእርሳስ፣ "ሚስ ሦስት ናቸው" ብሎ ጽፏል።

በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረግኩለት። "አዎ፣ ሦስት ናቸው" ብዬም ጻፍኩ። አላየውም።

አንቺ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዝም ያሉሽ ስንት ናቸው? አምስት? ስድስት? አድራሻቸውን ከቢሮ ውሰጂ። ቅዳሜ ከሰዓት ነጻ ነኝ፤ የባጃጁን እኔ እከፍላለሁ።