መልስ፦ «አንድን ይጫኑ» ለሚለው ጥሪ

ወንድምዓለም፣ ባቲ ላሉት እናትህ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ አንድን ይጫኑ» የሚል የተቀዳ ድምፅ እየደወለ አስቸግሯል ብለሃል። ምንም ሳይጫኑ ይዝጉት። «ላለመቀበል ሁለትን» ቢልም እንኳ! ቁጥር ከነኩ አጭበርባሪዎቹ ስልኩን የሚያነሳ ሰው እንዳለ ያውቃሉ፤ ከዚያ ማን ይለቃቸዋል? ሰኞ ገበያ መሃል ሲደወል ደግሞ ሰው ሳያስበው ይጫናል።

ብሩ የሚሄደው የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ወይም በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ሲነገር ነው። ለማንም አይንገሩ። ከተጠራጠሩ ዘግተው ራሳቸው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ወሎ ዓረብ አገር ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ በኢትዮጵያ መለያ 251 የማይጀምር የውጭ አገር ሚስኮል ሲያዩ «ልጄ ናት» ብለው መልሰው ይደውላሉ፣ ካርዱም ይበላል። የውጭ ዘመዶቻችሁን ቁጥር በስም መዝግብላቸው። ስም ካልወጣ አይደውሉ።