ጣሪያው ቆሞ እየታየ ለምን አይወጣበትም?

ጥያቄ፦ አዳማ በሚገኘው ሰፈራችን በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ሱቆች ሲቃጠሉ ወጣቶች ቆርቆሮውን ለመገንጠል ወጥተው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን ሁሉንም አስወርደው፣ እነሱም ሳይወጡ ከመሬት ሆነው ውኃ ረጩ። ጣሪያው ምንም ሳይሆን ቆሞ እያየን ስለነበር ብዙዎቻችን አዝነናል። ያደረጉት ትክክል ነበር ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጎረቤት ንብረት ሲወድም ማየት ያሳዝናል፤ ሠራተኞቹ ግን ትክክል ነበሩ። ክብደቱን የሚሸከመው ቆርቆሮው ሳይሆን ከሥሩ ያለው እንጨት ነው፤ እንጨቱን ደግሞ ከላይ ቆርቆሮው፣ ከታች ኮርኒሱ ስለሚጋርዱት ምን ያህል እንደተጎዳ ከውጭ አይታወቅም።

እንጨት በእሳት ውስጥ በየደቂቃው ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይከስላል። ሲሰሙት ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን 5 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ በአራቱም ጎን እሳት ከያዘው በ15 ደቂቃ ገደማ 3 በ5 ይቀራል፣ ሳይሰበር ጭነት የመሸከም አቅሙም ከመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ አይሞላም። በሚስማር የተያያዙት መጋጠሚያዎች ከዚያም ቀድመው ሊላሉ ይችላሉ። ካፕሪያታው፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው ባለሦስት ማዕዘን አጽም፣ ብረት ቢሆንም ዋስትና የለም፤ ብረት 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣል። በዚህ ላይ ልብሱን፣ የአየር ሲሊንደሩንና የውኃ ቱቦውን የያዘ ሠራተኛ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ በረጠበና በሚያንሸራትት ተዳፋት ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ክብደት በአንዲት ሞራሌ ላይ ያሳርፋል።

የእናንተን ሱቆች ይበልጥ የሚያሰጋቸው ጣሪያው የጋራ መሆኑ ነው። ግድግዳዎቹ ኮርኒሱ ጋ ካበቁ እሳቱ ከኮርኒስ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይሻገራል፤ የአዳማ ነፋስ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ገና ባልተቃጠለ ሱቅ አናት ላይ የቆመ ወጣት፣ ከእግሩ ሥር ያለው እንጨት እየነደደ ላያውቅ ይችላል።

ጣሪያው ሲደረመስ በዳርና ዳር ያለው ባለሦስት ማዕዘን የብሎኬት ግድግዳም ድጋፍ አጥቶ ወደ ውጭ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ተመልካች ቢያንስ የግድግዳውን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ርቆ መቆም አለበት። ወጣቶቹ መርዳት ከፈለጉ እሳቱ መቼ እንደተነሣ፣ ውስጥ የቀረ ሰው መኖር አለመኖሩን፣ የትኛው ሱቅ ከኮርኒሱ በላይ ዕቃ እንዳከማቸ ሠራተኞቹ እንደደረሱ ይንገሯቸው፤ ከጣሪያው ሥር መግባት አለመግባታቸውን የሚወስኑት በዚህ መረጃ ነውና።