ጆን ግሬግ በሬንጀርስ ዳይሬክተር የነበረው መቼ ነው? (መልስ)

በጥያቄዎ የቀድሞው እግር ኳስ ተጫዋች ጆን ግሬግ ከ1978 እስከ 1983 በስኮትላንዱ ክለብ ሬንጀርስ «ዳይሬክተር ሆኖ እንደሠራ» ጠቅሰው፣ ቀኖቹ አልገጥም እንዳሉዎት ገልጸዋል። ግሬግ የሬንጀርስ የቦርድ ዳይሬክተር የሆነው በ2003 ሲሆን፣ ከቦርዱ የለቀቀው በ2011 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እርስዎ የጠቀሱት ከ1978 እስከ 1983 ያለው ዘመን ግን የአሰልጣኝነቱ ነው፤ ቀኖቹ አልገጥም ያሉዎትም በዚህ ምክንያት ነው።

የኤድንብራው ተወላጅ ግሬግ በተጫዋችነት ዘመኑ ለአንድ ክለብ፣ ለሬንጀርስ ብቻ፣ 755 ጊዜ ተሰልፏል፤ ለስኮትላንድም 44 ጨዋታ አድርጓል። ሬንጀርሶች በ1972 ባርሴሎና ላይ ዲናሞ ሞስኮን 3 ለ 2 አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ሲወስዱ አምበሉ እሱ ነበር፤ ደጋፊው ሜዳውን በማጥለቅለቁ ዋንጫውን የተረከበው በስታዲየሙ ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ነው። በ1978 ሦስት ዋንጫ ባነሳበት የውድድር ዘመን ማግስት ጫማውን ሰቅሎ በቀጥታ የገዛ ጓደኞቹ አሰልጣኝ ሆነ፤ ይህ በእኔ አስተያየት ሥራውን አክብዶበታል። ሁለት የስኮትላንድ ዋንጫና ሁለት የሊግ ካፕ ቢያገኝም የሊጉን ሻምፒዮንነት ሳያገኝ ለቀቀ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እንግሊዞች «ማናጀር» የሚሉት አሰልጣኙን ነው። እኔ ራሴ ቃሉን «ሥራ አስኪያጅ» ብዬ ተርጉሜው፣ አንባቢ አሰልጣኙን ከክለቡ የቢሮ ኃላፊ ጋር አደባልቆብኝ ሙሉውን ጽሑፍ ዳግም ለማረም ተገድጃለሁ። «አሰልጣኝ» እና «የቦርድ አባል» ብለው ይለዩዋቸው።