ጀርባ የሚችለው ቦርሳ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥምቀት ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ጥያቄዎች ስለ ካሜራ መሆናቸው ይቀርና ስለ ቦርሳ ይሆናሉ። ካሜራውን ገዝተው የጨረሱ ሰዎች፣ ዕቃውን ጎንደር ድረስ፣ ከዚያም አልፎ ስሜን ተራሮች ድረስ የሚሸከሙት በራሳቸው ጀርባ መሆኑ ትዝ የሚላቸው በዚህ ወቅት ነው። ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ።

«የሰርግ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። አንድ ካሜራ፣ 24-70 እና 70-200 ሚሊ ሜትር ሌንሶች፣ አንድ ፍላሽ አለኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስሜን ለመውጣት አስቤአለሁ። ሻጩ 45 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ውሰድ፣ ወደፊት ዕቃህ ሲበዛ ይጠቅምሃል አለኝ። ልግዛው?» (ከማራኪ፣ ጎንደር)

አትግዛው። ሻጩ በክፋት አልመከረህም፤ ነገር ግን ስሜን ላይ ከሳንቃበር ሰፈር ወደ ግጭ ሰፈር ቦርሳውን ተሸክሞ የሚወጣው እሱ አይደለም።

እስቲ ዕቃህን እንመዝነው። ካሜራው ከነባትሪው 700 ግራም ግድም ይሆናል። 24-70 ሌንስህ ብዙ ብርሃን የሚያስገባው (ኤፍ 2.8 የሚባለው) ከሆነ 800 ግራም ያህል፣ 70-200ው ደግሞ ብቻውን ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ፍላሹ፣ ቻርጀሩና ትርፍ ባትሪዎቹ ሌላ አንድ ኪሎ። ሁሉም ቢደመር አራት ኪሎ ነው፤ ማንም ይችለዋል። አሁን የቦርሳውን የራሱን ክብደት ጨምርበት። 45 ሊትር የሚይዝ፣ ስፖንጁ የወፈረ የካሜራ ቦርሳ ባዶውን ከሁለት ኪሎ ይበልጣል። ሁለት ሊትር ውኃ ሁለት ኪሎ ነው። ጃኬትና ስንቅ ሲታከል ዘጠኝ ኪሎ ደረስክ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቦርሳው ገና አልሞላም! ትርፍ ቦታ ያየ ሰው ደግሞ አርፎ አይተኛም፤ ሲነጋ ትራይፖድ ይጨምርበታል፣ ሁለተኛ ጫማ ይጨምርበታል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ዳገት፣ እያንዳንዱን ጭማሪ ትንፋሽህ ይቆጥረዋል።

ላንተ ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። የታችኛው ግማሽ ለካሜራ የተከፋፈለ፣ የላይኛው ግማሽ ክፍት ሆኖ ጃኬትና ምሳ የሚያስገባ ዓይነት ፈልግ። የካሜራ ዕቃ ብቻ የሚይዙ፣ ከላይ እስከ ታች በመከፋፈያ የታጠሩ ቦርሳዎች ለስቱዲዮ ሰው ናቸው፤ ተራራ ላይ ሹራብህን የምታስገባበት ታጣለህ። ፍላሹን ደግሞ ማራኪ፣ ቤትህ ተወው፤ ጭላዳ በፍላሽ አይነሣም።

ልትገዛ ስትሄድ ዕቃህን ሁሉ ይዘህ ሂድ። 70-200ው ካሜራው ላይ እንደተገጠመ ይገባ እንደሆነ አረጋግጥ፤ ብዙ ቦርሳ ሌንሱን ለብቻው ያስገባና ከካሜራው ጋር ሲሆን አልዘጋ ይላል። ከዚያ ሙሉውን አዝለህ ከሱቁ ውጣና ሩብ ሰዓት ተራመድ። ጎንደር መቼም ዳገት አታጣም። ሻጩ ይህን ከከለከለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

«ለጥምቀት ከአዲስ አበባ እመጣለሁ። በሕዝቡ መካከል ሌባ እፈራለሁ፤ ውኃውም አለ። ምን ዓይነት ቦርሳ ይሻለኛል?»

በሁለቱም ፍርሃትዎ ልክ ነዎት። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ካሜራ የያዘ ሰው የማይታይበት ጥግ የለም፤ ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያየው።

ለሌባው የሚሻለው በጀርባ በኩል የሚከፈት ቦርሳ ነው፤ ማለትም ዋናው ዚፕ ያለው ጀርባዎን በሚነካው ወገን ነው። አዝለውት ሳለ ማንም ሊከፍተው አይችልም። ሌላም ጥቅም አለው። መሬት ላይ ሲያስተኙት አቧራና ጭቃ የሚነካው የውጭው ፊት እንጂ ማንገቻውና ጀርባዎ የሚያርፍበት ወገን አይደለም። ጫማ አውልቀው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጃፍ ላይ ሌንስ የቀየሩ ሰዎች ነጭ ልብሳቸው ጀርባው ላይ ለምን ቡኒ እንደሆነ ሲገርማቸው አያለሁ፤ ቦርሳቸው በፊት በኩል የሚከፈት ነው።

ጉዳቱ፣ አንድ ነገር ለማውጣት ቦርሳውን ማውለቅ ግድ ነው። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ጥር 11 ማለዳ እንኳን ቦርሳ ማውለቂያ፣ እጅ ማንሻም ይጠፋል። አንዱን ማንገቻ ብቻ አውልቀው ወደ ፊት አዙረው በጎን የሚከፍቱት ዓይነት ለዚህ ይፈጥናል፤ የጎኑ ዚፕ ግን ለእርስዎ እጅ እንደቀረበ ሁሉ ለሰውም እጅ ይቀርባል። የዚፑን ራስ የሚይዝ መንጠቆ ከሌለው አይግዙት።

እኔን ከጠየቁኝ፣ በዚያ ቀን ሌንስ መቀየር የሚባለውን ነገር ይተዉት። ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱን አጅበው ሲሄዱ ቦታ ስለሚቀያየር መቀየር ይቻል ይሆናል። በማግስቱ ግን አንድ ቦታ ይዘው ነው የሚቆሙት። አንድ ሌንስ የተገጠመበት ካሜራ አንገትዎ ላይ ይሁን፤ ትንሽ፣ በጀርባ የሚከፈት ቦርሳ ውስጥ ባትሪ፣ ሚሞሪ ካርድና ውኃ ብቻ ይያዙ። ግፊያ ሲበረታ ወደ ደረትዎ ያዙሩት።

ውኃውን በተመለከተ፦ ጥር በጋ ነው ብለው የቦርሳውን የዝናብ ሽፋን ቤት ጥለው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ውኃው ተባርኮ ሲያበቃ ግን በጎማ ወደ ሕዝቡ ይረጫል፤ ጎረምሶቹም እየዘለሉ ሲገቡ ጠርዙ ላይ የቆመውን ሁሉ ያጥቡታል። በረከት ነው፤ ለሌንስ ግን ውኃ ነው። «ውኃ አያስገባም» ተብሎ የሚሸጥ ቦርሳ በአብዛኛው ጨርቁ ውኃ ያንሸራትታል ማለት ብቻ ነው፤ በስፌቱና በዚፑ በኩል ይሰርጋል። ሽፋኑን ቡራኬው ሳያልቅ ያልብሱት። ከለበሰ በኋላ ዚፑ ስለሚሸፈን የሚያስፈልግዎትን ባትሪ አስቀድመው ኪስዎ ይክተቱ።

«ወደ ጎንደር በአውሮፕላን ስመጣ የካሜራ ቦርሳዬን ከእጄ ቢወስዱብኝስ?»

ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅደው እስከ 7 ኪሎ ሲሆን፣ መጠኑም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአገር ውስጥ በረራ በሚያገለግሉት ባለ ፕሮፔለር ኪው400 አውሮፕላኖች ደግሞ ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው። የደነደነና የተወጠረ ቦርሳ አይገባበትም።

ስለዚህ ለበረራ የሚሻለው፣ የካሜራው ክፍል ራሱን ችሎ የሚወጣ ቦርሳ ነው። ቦርሳው ወደ ጭነት ይሂድ ቢባሉ ስፖንጅ ያለውን የውስጥ ሳጥን ስበው አውጥተው እጅዎ ላይ ይይዛሉ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ግን በምንም ዓይነት ጭነት ውስጥ አይግባ፤ በዓለም አቀፍ ደንብ ከተሳፋሪው ጋር ነው የሚጓዘው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት (የባትሪ ጉልበት መለኪያ ነው) ያለው ነው። የካሜራ ባትሪ ብዙውን ጊዜ 20 እንኳ አይሞላም። 20,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ወደ 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ አያሳስብዎትም።

«ትከሻዬን ያመኛል። ወፍራም ማንገቻ ያለው ብቀይር ይሻለኛል?» (ከአዘዞ፣ የቱሪዝም ተማሪ)

የኔ እመቤት፣ ችግሩ ያለው ማንገቻው ላይ ላይሆን ይችላል። ክብደት መሸከም ያለበት ዳሌሽ ነው፤ ትከሻ የተሠራው ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ለመያዝ ነው። ቦርሳሽ የወገብ ቀበቶ አለው? ካለውስ የዳሌሽ አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው ወይስ ሆድሽ ላይ? ሆድሽ ላይ ካረፈ ቦርሳው ለቁመትሽ አጭር ነው፤ ከዳሌሽ በታች ከወረደ ደግሞ ረጅም ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። አንገትሽን ስታጎነብሺ ከኋላ ጎልቶ ከሚወጣው አጥንት አንስተሽ በዳሌ አጥንትሽ ጫፍ ትክክል እስካለው የጀርባሽ ቦታ ድረስ ሰው በሜትር ይለካሽ። የሰውነት ቁመት ሳይሆን ይህ ልኬት ነው ቦርሳ የሚመርጥልሽ። ስትለብሺውም መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ እሰሪ፣ ከዚያ ማንገቻውን ሳቢ፣ የደረቱን ማሰሪያ በመጨረሻ። ከባዱን ሌንስ ከውጭ ሳይሆን ጀርባሽን በሚነካው በኩል አስቀምጪ።

«የካሜራ ቦርሳ ዋጋው አልቀመስ አለ። ሸራ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ባሰፋስ?» (ከአራዳ)

ሙሉውን ማሰፋት አያዋጣም፤ ማንገቻና የወገብ ቀበቶ በልኩ ማዋቀር የለመደ እጅ ይፈልጋል። ይልቅ ጠንካራ የተራራ ወይም የተማሪ ቦርሳ ከሰልባጅ ገበያ ይግዙና ውስጡን ያሰፉ። ሰፊው በቦርሳው የታችኛው ግማሽ ልክ ሳጥን ይሥራልዎት፤ መከፋፈያዎቹ በሚጣበቅ ማሰሪያ እንዲነሱ ያድርግ።

ስፖንጁ ላይ ይጠንቀቁ። የፍራሽ ስፖንጅ ርካሽ ነው፤ ግን ውኃ ይመጥጣል፣ ሲቆይም ይፈረፈርና ብናኙ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ለስፖርት የሚነጠፈው ዓይነት ምንጣፍ ውኃ አይመጥጥም፣ ቶሎም አይደቅም፤ እሱን አስቆርጠው በለስላሳ ጨርቅ ያስለብሱት። ጨርቁ ጥቁር አይሁን። ጥቁር ክዳን፣ ጥቁር ባትሪ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጎሕ ሳይቀድ ለሚነሣ ሰው መከራ ነው። ግራጫ ወይም ቢጫ ይሁን።

ለሌባ የማይጮህ መሆኑም ትርፍ ነው። የካሜራ ኩባንያ ስም በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ ውስጡ ምን እንዳለ ለመንገደኛ ሁሉ ይናገራል።

«ዚፑ ይዘጋል፤ ግን ከኋላው እየተከፈተ ይመጣል።»

ጥርሱ ካልረገፈ ያረጀው ተንሸራታቹ ራሱ ነው፤ አፉ ሰፍቷል። ግራና ቀኙን በፒንሳ ቀስ አድርገህ ጫን አድርገው። በአንድ ጊዜ አታጥብቀው፤ ከተሰበረ መመለሻ የለውም። ይህ የወራት ዕድሜ ይሰጥሃል እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ተንሸራታቹን የሚቀይር ጫማ ሰፊ አይጠፋም። አልንቀሳቀስ የሚል ዚፕ ከሆነ ደግሞ ጥርሱን በጧፍ አሸው። ዘይት ግን አታስነካው፤ አቧራ ይለጥፍበታል።

«ክረምቱን ካሜራዬን ቦርሳው ውስጥ ባስቀምጠው ይበላሻል?»

ይበላሻል። ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል፤ ጨለማና እርጥበት ሲገናኙ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። አውጥተው አየር በሚያገኝ ደረቅ መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ባዶውን ቦርሳ ያስጡት።

«ስሜን ላይ በቅሎ እከራያለሁ። የካሜራውን ቦርሳ በቅሎው ላይ ብጭነው ምን አለበት?»

ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ብርድ ልብሱን ይጫኑ፤ ካሜራውን ግን አይጫኑ። ጭነት በገመድ ተጠፍሮ ሲታሰር ሌንስ ምን እንደሚደርስበት አያዩም፤ በቅሎም ደክሟት ብትተኛ የማን ዕቃ ላይ እንደተኛች አትጠይቅም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በቅሎ ነጂዎቹ በአቋራጭ ቀድመው ወደ ሰፈሩ ይገሰግሳሉ፤ እርስዎ ከስካውትዎ (አብሮዎት ከሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ጋር ገደሉን ይዘው ቀስ ብለው ይከተላሉ። ዋልያው ብቅ የሚለው ደግሞ ገደሉ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ 70-200ዎ ጨነቅ ሰፈር ደርሶ ይሆናል።

ሌሊቱን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ባትሪዎቹን ከቦርሳው አውጥተው በካልሲ ጠቅልለው የመኝታ ከረጢትዎ ውስጥ ይዘው ይተኙ። ቦርሳውን ግን ካሜራው በውስጡ እንዳለ ዘግተው በድንኳኑ የውጭ ክፍል ይተዉት፤ ጠዋት ቀዝቃዛ ካሜራ ወደ ሞቀ ድንኳን ሲገባ ሌንሱን ላብ ያጠምቀዋል።