የፔልቲየር ሞጁል እግርና ሶልደር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የፔልቲየር ሞጁል ከረንት ሲያልፍበት አንድ ገጹ የሚቀዘቅዝ፣ ሌላው የሚሞቅ ዕቃ ነው፤ እግር የምንለው በሁለቱ ገጾች መካከል የሚቆመውን የቢስመዝ ቴሉራይድ (የቢስመዝና የቴሉሪየም ውሁድ) ቁራጭ ነው። ይህን እግር በቲን ሶልደር (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) በቀጥታ መዳብ ላይ ብናጣብቀው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ለጊዜው ይይዛል፤ ጣጣው በኋላ ነው። ቲኑ ቴሉሪየሙን ከቢስመዙ እየነጠቀ መገናኛው ላይ ቲን ቴሉራይድ ይሠራል። ይህ ንብርብር ተሰባሪ ስለሆነ ሞጁሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በዚያው በኩል ይሰነጠቃል። ከዚህ የሚብሰው ግን ብቻውን የቀረው ቢስመዝ ነው። ሶልደሩ ውስጥ ከገባ ከቲን ጋር ሆኖ በ139 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀልጥ ቅይጥ ይፈጥራል። እስከ 232 ዲግሪ ይችላል የተባለው ንጹሕ ቲን መገናኛው ላይ ቀድሞ ይለሰልሳል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መዳብ ለብጠን ብንከላከለውስ?

መልስ፦ አይሆንም። መዳብ በቢስመዝ ቴሉራይድ ንብርብሮች መካከል በቀላሉ ሰርጎ የኤሌክትሪክ ባሕርይውን ይለውጠዋል። የተለመደው መከላከያ ኒኬል ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ማይክሮ ሜትር? እንዴትስ ይለበጣል?

መልስ፦ ከ3 እስከ 5 ይበቃል። የሚለበጠው በኤሌክትሪክ ነው፤ መለበጫው ውሃ በሊትር ኒኬል ሰልፌት 240–300 ግራም፣ ኒኬል ክሎራይድ 30–60፣ ቦሪክ አሲድ 30–40፤ ሙቀቱ 45–60 ዲግሪ። በስኩዌር ዴሲ ሜትር 2 አምፔር ቢለቀቅ 5 ማይክሮ ሜትር በ12 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ልባጩ ከተላጠ ከከረንቱ በፊት ገጹን ጠርጥሩ፦ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በአሴቶን ታጥቦ፣ ሳይቆይ መለበጥ አለበት። የኒኬል ጨው መርዛማ ነው፤ ያለ ጓንት አይነካም።

ጥያቄ፦ ኒኬሉስ አይበላም?

መልስ፦ ይበላል፣ ግን በዝግታ። በአንድ ወገን ከቲን፣ በሌላው ከቴሉሪየም ጋር ውሁድ ይሠራል። ሁለቱም ስስ ሲሆኑ መገናኛውን ያጠብቃሉ፤ ሲወፍሩ ይሰባበራሉ። ስለዚህ ሶልደሩን ከመቅለጫው ከ20–30 ዲግሪ በላይ አታሙቁት፤ ቀልጦ የሚቆይበትም ጊዜ ከ1 ደቂቃ አይለፍ።

ጥያቄ፦ የመገናኛውን መበላሸት በኦም ሜትር (በሬዚስታንስ መለኪያ) ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ በተራ ኦም ሜትር አትመኑ። ሁለቱ ገጾች ትንሽ የሙቀት ልዩነት ካላቸው ሞጁሉ ራሱ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ ንባቡ ይዛባል። በ1 ኪሎ ኸርዝ ኤሲ (አቅጣጫው በሚለዋወጥ ከረንት) የሚለካ መሣሪያ ይሻላል። 1.5 ሚሊ ሜትር የሚረዝምና ሬዚስቲቪቲው (ቁሱ ከረንትን የሚቋቋምበት መጠን) 1 ሚሊ ኦም ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር፣ ስፋቱ 1 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሬዚስታንሱ 150 ማይክሮ ኦም ነው። ሁለቱ መገናኛዎች 1፣ 1 ማይክሮ ኦም ቢጨምሩ ጉዳቱ 1.3 በመቶ ብቻ ነው፤ 10፣ 10 ከጨመሩ ግን 13 በመቶ ይደርሳል።