አዳም ያላፈረው ራቁቱን ስለ ነበር ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በጥምቀት ዕለት እዚህ ጎንደር፣ በፋሲለደስ መዋኛ ወጣቶች አውልቀው ውኃው ውስጥ ሲዘሉ አንዲት እናት ተቆጡ። አንዱ ልጅ «አዳምም ራቁቱን ነበር፣ አላፈረም» ብሎ መለሰላቸው። እውነት አለው? ሴት ልጄን ደግሞ በቅርቡ ክርስትና ላስነሣ ነው፤ እሷስ ለምን ራቁቷን ትጠመቃለች?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጁ ጥቅሱን ይዞ ምሥጢሩን ጥሎታል። ዘፍጥረት 2፥25 «አይተፋፈሩም ነበር» ይላል፤ አዳም ግን ለእንስሳት ሁሉ ስም ያወጣ ባለ አእምሮ ነው እንጂ ምንም የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። አባቶች እንደሚያስተምሩን ያላፈረው የጸጋ ልብስ፣ የብርሃን ልብስ ስለ ነበረው ነው። ምዕራፍ 3ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ቁጥር 7 ላይ የበለስ ቅጠል ሰፍተው አገልድመዋል። ቁጥር 10 ላይ አዳም ቅጠሉን እንዳገለደመ «ዕራቁቴን ስለ ሆንሁ ፈራሁ» ይላል። ገላውማ ተሸፍኗል! የተገፈፈው ጸጋው ነው። ቁጥር 21 ላይ የቁርበት ልብስ ያለበሳቸው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 3 ሕጉን የሚያውቁ ኀፍረታቸውን እንዲሸፍኑ ያዛል። ታዲያ ማውለቅ እንዴት አድርጎ አዳምን ያደርጋል? ደግሞስ ከቀሃ ወንዝ በሚሞላው ጥምቀተ ባሕር መረጨት በረከት እንጂ ዳግም ጥምቀት አይደለም። ልብሱን እንደ ለበሰ ለተረጨ ምንም አይጎድልበትም።

የልጅሽ ነገር ሌላ ነው። ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል፤ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁት ለዚህ ነው። እሷ የምታወልቀው አሮጌውን ሰው ነው፤ የምትለብሰውም ክርስቶስን ነው (ገላ 3፥27)።

ክርስትና የምታነሣት ሴት ትሁን። ስለ ሕፃኗ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ትክዳለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖቷን ትመሰክራለች፤ ጸሎቱ ሳይጀመር ትድረስ። ልጅሽ ሦስት ጊዜ በውኃው ተጠምቃ ስትወጣ ቶሎ መጠቅለል የብዙ እናቶች ችግር ነው። ሜሮኑ (ቅዱሱ ቅብዓት) ከግንባር እስከ እግር 36 ቦታ ስለሚቀባ እንደገና ልትፈቺያት ነው። ፎጣ ብቻ ጣል አድርጊባት፤ ነጩን ልብስ ከቅብዓቱ በኋላ ታለብሻታለሽ፤ ቁልፍ የበዛበት አይሁን። ማዕተቡም ይታሰርላታል። በዚያው ዕለት ስለምትቆርብ ጡት የምታቆሚበትን ሰዓት ቀደም ብለሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።